ዘይት የጠጣው ኖዝል

ባሌ ግሩም ምን እንደሚሠራ ሰው ሲጠይቀኝ «እሳት ማጥፋት ነው ሥራው» እላለሁ። ወዲያው ቀይ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ በፌርፋክስ ጎዳና ሲከንፍ ይታያቸዋል። ኧረ ወዲያ! ግሩም እንኳን እሳት ሊያጠፋ እኔ ምድጃ ስለኩስ ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው። የእሱ እሳት ገና ያልተነሣው ነው። በየሆስፒታሉና በየባንኩ ኮምፒውተሮች እንደ ቁም ሣጥን ተደርድረው የሚቆሙበት ቀዝቃዛ ክፍል አለ። እዚያ ውስጥ እሳት ቢነሣ ውኃ አይረጭም፤ ውኃው ኮምፒውተሮቹን ከእሳቱ የባሰ ያበላሻቸዋል። ስለዚህ ጋዝ ይለቀቃል። ጋዙ በትልልቅ ሲሊንደር ታጭቆ ይጠብቅና ጭስ ሲኖር በቧንቧ መጥቶ ከኮርኒሱ ወደ ታች ይወጣል። የሚወጣበትን አፍ ኖዝል ይሉታል። ግሩም እሱን ነው የሚገጥመው፣ የሚፈትነው፣ በእንቅልፍ ልቡም የሚያወራው።

ጣጣው ጩኸቱ ነው። ያ ሁሉ የታመቀ ጋዝ በአንዴ ሲወጣ የሚያሰማውን ድምፅ በቪዲዮ ብቻ ሰምቼ ስልኩን ወርውሬዋለሁ። ሰው ይቅርና ኮምፒውተሩም አይችለውም። ውስጡ የሚሽከረከሩ ዲስኮች አሉ፤ በድምፁ ብቻ ተንቀጥቅጠው ሥራ ያቆማሉ፤ አንዳንዶቹም በዚያው ይቀራሉ። እሳት ሳይነካቸው! መጀመሪያ ሲነግረኝ «ታዲያ ምኑን አዳናችሁት?» አልኩት። «እሱን እኮ ነው የምንሠራው» አለኝ። የሚሠሩት ድምፁ የተቀነሰ ኖዝል ነው። ጋዙ በአንድ አፍ ተወርውሮ ከሚወጣ ይልቅ፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ በሆነ ብረት ውስጥ እያለፈ በብዙ ቀጫጭን መንገድ ይወጣል፤ ድምፁም እዚያው ውስጥ ይታፈናል። ሐሳቡ ይኸው ነው። ሲወራ ቀላል ነው።

ግሩም ለዚህ ነገር ከአለቃው ከሬይ በላይ የሚንገበገበው በምክንያት ነው። በ2013 ግራ ጆሮውን የወሰደበት ይኸው ጩኸት ነው። መሰላል ላይ ወጥቶ ከኖዝሉ ሥር ሲሠራ፣ መቆለፍ የነበረበት የጋዝ መዝጊያ ሳይቆለፍ ቀርቶ ጋዙ ተለቀቀ። አልወደቀም፣ አልቆሰለም፣ በእግሩ ሄዶ ወጣ። ጆሮው ግን አልተመለሰም። ሐኪሞቹ «ነርቭ ነው፣ በቃ» አሉ። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ነበር፤ አጠገቡ የቆመውን ሰው ድምፅ መስማት ሲያቅተው ራሱ ተወው። ሲጠይቁት «ሥራ በዛብኝ» ይላል። እሁድ እሁድ መዘምራኑ ሲቆሙ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ አያለሁ፤ አንጀቴን ይበላኛል።

እናቱ እማማ ካሰች ይሄን አያውቁም። ሐዋሳ ናቸው፣ የደም ግፊት አለባቸው፣ ያላቸው አንድ ልጅ ነው። የእኛ ሰዎች ደግሞ ክፉ ነገር ከቤተሰብ መደበቅ ያውቁበታል። እዚህ ሰው ኦፕሬሽን ገብቶ ይወጣል፤ አገር ቤት «ትንሽ ጉንፋን ይዞት ነበር» ይባላል። ግሩምም ለእናቱ ትንፍሽ እንዳልል ቃል አስገባኝ።

«መቼ ልትነግራቸው ነው?» እለዋለሁ።

«ኖዝሉ ይሳካልኝና» ይለኛል። «እማዬ፣ እንዲህ ሆኜ ነበር፣ ግን ይኸው ሌላ ሰው እንዳይሆን አድርጌዋለሁ እላታለሁ። ባዶ እጄን ሄጄ ደንቁሬያለሁ አልላትም።»

ግትር ነው። ዝምተኛ ሰው ሲገትር አይጣል ነው።

በ2015 እማማ ካሰች ሊጠይቁን መጡ። ጸሎተኛ ናቸው፤ እጅ ሳይጭኑበት የሚያልፉት ነገር የለም። ቦርሳቸው ውስጥ የወይራ ዘይት የያዘች ትንሽ ጠርሙስ አለች፣ የተጸለየባት። በመጡ ሳምንት የቤቱን በር ቀቡ። ለፋርማሲ ሥራዬ የማደርገውን ጫማ ቀቡ። የመኪናውን መሪ ቀብተውት እኔ ሳላውቅ ድራይቭ ሳደርግ ፒኮ ጎዳና ላይ ስታጠፍ እጄ አዳለጠኝ፤ «ኢየሱስ ድረስልኝ!» ብዬ ነው የተረፍኩት። ስነግራቸው «አየሽ፣ የዳንሽው እኮ ቀብቼው ነው» አሉኝ። ሳቅኩኝ። እውነቱን ለመናገር ወደድኳቸው። ቤቱ ሰው ሰው ሸተተ።

ችግሩ ሶፋው ነበር። እማማ ካሰች በመስኮቱ በኩል ያለችውን ቦታ መረጡ፤ የግሩም ግራ ማለት ነው። ከሥራ መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ እሳቸው ያወሩታል። «ግሩሜ፣ የነጌጡ ልጅ እኮ አገባ» ይላሉ። ዝም። ቴሌቪዥኑን ያያል። «ሠርጉ ላይ ያንተን ስም እያነሡ ነበር» ይላሉ። ዝም። ፊታቸው ቀስ እያለ ሲጠቁር የማየው እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ ሲሆኑ ደግሞ በቀኙ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ እየተሳሳቁ ይሄዳሉ፤ ፓርክ አድርገው ቤት ሲገቡ ሰውዬው ድንጋይ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ነገር እናት በምን ትፈታዋለች?

እኔ ላይ ፈቱት።

«ሠናይትዬ፣» አሉኝ አንድ ቀን አብረን ሽንኩርት ስንልጥ፣ «ልጄ መኪና ውስጥ ልጄ ነው። ቤት ሲገባ ምን ይነካዋል?»

«ደክሞት ነው እማማ።»

«እ…» አሉ። ዓይናቸውን ከእኔ አላነሡም። «ሰው በቤቱ የሚፈራው ነገር ከሌለ እንዲህ አይሆንም።»

ደሜ ፈላ! እኔ ነኝ እንግዲህ ልጃቸውን አፉን የለጎምኩት። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ «እማማ፣ ልጅዎ አይሰማም!» ብል በአንድ ቃል እገላገል ነበር። ቃሌ ግን ቃል ነው። ቢላዋውን አስቀምጬ እጄን ታጠብኩ፣ ሳያስፈልገኝ።

በማግስቱ ብልሃት መሰለኝና ሶፋውን አዙሬ አስቀመጥኩት፣ መስኮቱ በቀኙ እንዲሆን። እማማ ካሰች ከጸሎት ተነሥተው አዩት። «ኦሆ፣ አሁን ደግሞ ከመቀመጫዬ ማስነሣት ተጀመረ?» አሉና ራሳቸው ገፍተው መለሱት። በዚያ ዕድሜያቸው! አላገዝኳቸውም፤ ተናድጄ ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ እሄዳለሁ አሉ። ሊቆዩ ያሰቡት እስከ ገና ነበር። «ቤቴ ሰው የለውም» አሉ፤ ምክንያቱ ያ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የቤተ ክርስቲያናችን እናት እትዬ ሰርካዲስ ባልድዊን ሂልስ ሰፈር ነው ቤታቸው፤ በእሳቸው ልጅ በኩል እማማ ካሰች ቲኬቱን አስቀይረው ጨርሰዋል። ግሩም ሲሰማ እራቱን ትቶ ተነሣ።

መኝታ ቤት ገብተን «ንገራቸው!» አልኩት። «በዚህ ቅያሜ ከሄዱ ዳግመኛ አይመጡም። እኔን ምን እንደሚያስቡኝ ታውቃለህ?»

«ረቡዕ እነግራታለሁ» አለኝ።

«ዛሬ ንገራቸው!»

«ረቡዕ ነው ያልኩሽ ሠናይት። ይሳካና።»

ረቡዕ የመጨረሻው ኖዝል በአንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ በሆስፒታሉ ሰዎች ፊት የሚሞከርበት ቀን ነበር። የሆስፒታሉ የማይፈለጉ ኮምፒውተሮች አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ እየሠሩ ይቆማሉ፤ ጋዙ ይለቀቃል፤ ዲስኮቹ ከቆሙ ከሸፈ፣ ከሠሩ አለቀ፣ ሆስፒታሉ ያስገጥመዋል። ስለዚህ እናቱን የማስቀረቱ ነገር በዚያች ብረት ላይ ተንጠለጠለ። ሞኝነት ነው፤ ግን ሞኙ የገዛ ባሌ ስለሆነ እኔም አብሬው መጸለይ ጀመርኩ።

ማክሰኞ ግሩም ኖዝሉን ቤት አመጣው። ወርክሾፓቸው ርቆ ጋርዲና ነው፤ ሆስፒታሉ ግን ለኛ ቤት ይቀርባል። በማለዳ ትራፊክ ውስጥ ሳልገባ ልሂድ ብሎ ነው። ውስጡ ያለው ስፖንጅ መሳይ ብረት በእጅ የተሠራ ነው፤ ለጊዜው ሁለተኛ የለውም። የክርስትና ዳቦ የሚያህል ከባድ ዕቃ ነው። በካርቶን አድርጎ ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ክፍሉን ሊያዘጋጅ ወደ ሆስፒታሉ ሄደ፤ ሁለተኛ የሌለውን ዕቃ እዚያ ማሳደር አልፈለገም። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ማክሰኞ ደግሞ የእናቶች የጸሎት ቀን ነው፤ የዚያን ሳምንት ተራው የኛ ቤት ነበር። ይሄን ማሰብ የነበረበት ማን እንደሆነ እስካሁን እንጨቃጨቃለን።

ረቡዕ ጠዋት ጥርሴን እየቦረሽኩ «ሠናይት!» ሲል ሰማሁ። ግሩም ጮኾ አያውቅም። አረፋዬን ይዤ ሮጥኩ። ካርቶኑን ከፍቶ ቆሟል። ኖዝሉ ያብረቀርቃል። ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ፤ የወይራ ዘይት!

ወረቀት ፎጣ አንሥቶ ቀዳዳ ቀዳዳው ላይ ጫን አደረገ። ፎጣው ራሰ። ሌላ አንሥቶ ከሥር ያዘ፤ እሱም ራሰ። ከላይ እስከ ታች ጠጥቶታል።

እማማ ካሰች ነጠላቸውን እያጣፉ ከመኝታ ቤት ወጡ። ፊታቸው በርቷል። «አያችሁት?» አሉ። «ትናንት ጸለይንበት። ሠናይት በስልክ ስታወሪ ሰምቼ ነው፣ ነገ የግሩም ትልቅ ቀን ነው ስትዪ። ልሄድ ነው፣ ሳልባርክለት አልሄድም አልኩ። ሰርካዲስም እጇን ጫነች፤ ሁላችንም ጫንን። ጠርሙሷ አነሰችን፤ ከኩሽናሽም ጨመርን።»

ከኩሽናዬ ጨመሩ! ጌታ ሆይ! ትልቁን የዘይት ጣሳ አየሁት፤ ግማሽ ሆኗል።

ግሩም እናቱን አየ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም ጉንጫቸውን ሳመና «አመሰግናለሁ እማዬ» አላቸው። ካርቶኑን ይዞ ወጣ። እኔ በፒጃማ ተከትዬው እስከ መኪናው ወረድኩ።

«ዝም ብለህ ግጠመው» አልኩት። «ተጸልዮበት የለ? ማን ያውቃል?»

«ጋዙ ሲወጣ ዘይቱን ይዞት ነው የሚወጣው» አለ። «ኮምፒውተሮቹ ላይ ይረጨዋል። ቀዳዳዎቹም ተደፍነዋል፤ ድምፁን አይቀንስም። እኔ ይሄን እያወቅኩ እዚያ ክፍል ውስጥ አልገጥመውም።»

«እና ምን ልትል ነው?»

«እናቴ ዘይት ቀባችው ልል ነው» አለና ስልኩን አንሥቶ እዚያው ቆሞ ለሬይ ደወለ። ልክ እንደዚያው ነው ያለው፣ አንድ ቃል አልቀነሰም። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር፤ ሬይን እሰማዋለሁ። መጀመሪያ ምን ዓይነት ዘይት እንደሆነ ጠየቀው። ከዚያ «ለሆስፒታሉ ሰዎች ይሄን እኔ ልንገራቸው ወይስ አንተ?» አለው። ግሩም «እኔ» አለና ሄደ።

መጨረሻውን ልንገራችሁና ይውጣልኝ። ሬይ ከንዴቱ ሲበርድ «ትንሽ ዘይት እንዲህ የሚያደርገው ከሆነ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ምን ሊሆን ነው? ጀነሬተር ክፍል ውስጥስ?» ብሎ ጠየቀ። እዚያ አየሩ ራሱ ቅባት ነው። ውስጡን እንደገና ሠሩት፣ ዘይትና አቧራ እንዳይገባው ጋዙ ሲመጣ ብቻ የሚከፈት ክዳን ሠሩለት፤ በሚቀጥለው ዓመት ተሞክሮ አለፈ፤ ዛሬ ያ ሆስፒታል ውስጥ ተገጥሟል። ግን ይሄ ሁሉ የኋላ ነገር ነው። የዚያን ረቡዕ እኛ ቤት የሚታወቀው መክሸፉ ብቻ ነበር።

ውጤቱን ልሰማ ብዬ ኦፍ ወስጄ ነበርና ቀኑን ከእማማ ካሰች ጋር ዋልኩ። ተናድጄባቸዋለሁ፤ አሳዝነውኛልም። ሰው ፊት ማንበብ ያውቃሉ። «ምን አጠፋሁ?» አሉኝ። «ምንም» አልኳቸው። «ሠናይት፣ ምን አጠፋሁ?» አሉ ደግመው። እኔም «ዘይት ሊነካው አይገባም ነበር እማማ» አልኩ። ሶፋቸው ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ምሳ አቀረብኩላቸው፤ አልነኩትም።

ግሩም ከሰዓት በኋላ መጣ። ከታች ፓርክ ሲያደርግ በመስኮት አየነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ ብዙ ሳይወርድ ቆየ። ሲገባ እማማ ካሰች ተነሥተው ቆሙ።

«እንጀራህን አበላሸሁብህ አይደል?» አሉት። «ለቅዳሜም አልጠብቅ፣ ዛሬውኑ ብሄድ ይሻላል። አንተን አላውቅህም ልጄ። የምትሠራውን አላውቅም፣ የምትጠላውን አላውቅም። አዋራሃለሁ፣ ፊትህን ታዞርብኛለህ። ምን አድርጌህ ነው ብዬ ሌሊት ሌሊት አስባለሁ። ዛሬ ደግሞ ልባርክህ ብዬ ይኸው ሥራህን ገደልኩት።»

ግሩም እጃቸውን ይዞ ከመስኮቱ ወደዚህኛው የሶፋው ጫፍ ሳባቸው። «እማዬ፣ በዚህ በኩል ቁጭ በይ።»

«አንተም ጀመርክ? ምን አደረጋችሁ መቀመጫዬ?»

«በግራ ጆሮዬ አልሰማም» አለ።

ባዶ እጁን ነበር። ምንም የሚያሳያቸው ነገር አልነበረውም። እንዲያ አልነግራትም ያለውን እንዲያው ነገራቸው፤ የብረቱን፣ የጋዙን፣ የሐኪሞቹን። እማማ ካሰች ሳያቋርጡ ሰሙት። አንዴ እጃቸውን አንሥተው ጆሮውን ሊነኩ ሲሉ ተዉት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ግፊታቸውን ነበር የማስበው፤ መድኃኒታቸውን ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ።

«ሠናይት ታውቅ ነበር?» አሉ።

«ታውቃለች።»

«ያ ፈረንጅ አለቃህስ?»

«እሱም ያውቃል።»

«እንግዲያው በዚህ ቤት ደንቆሮዋ እኔ ነበርኩ» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «የሰው ልጅ እንዳይደነቁር ብለህ ስትለፋ፣ እናትህን አደነቆርካት።»

ግሩም እንባው መጣ። በትዳራችን ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እሳቸው ግን አላለቀሱም፤ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ይቅር በይኝ፤ በልቤ ብዙ ብዬሻለሁ» አሉ። «ለሰርካዲስ ደውዪና ቅዳሜ አትሄድም በያት።» ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው በቀኙ በኩል ተስተካክለው ተቀመጡና «አሁን ያን ቀን ንገረኝ። የብረቱን አይደለም። አንተን።» አሉት።

«ምኑን እማዬ?»

«ምን አልክ? ምን አደረግክ?»

«እሞታለሁ ብዬ ነበር» አለ ግሩም። «‹እማዬ!› ብዬ ጮህኩ። አፌ ሲከፈት ይታወቀኛል፤ ድምፄ ግን አልተሰማኝም። ጮኼ ይሁን አልጮህኩ እስካሁን አላውቅም።»

ይሄን ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም። ለእትዬ ሰርካዲስ ልደውል የያዝኩትን ስልክ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

«ቀን ነበር ወይስ ማታ?» አሉ እማማ ካሰች።

«ቀን ነበር። ከምሳ በኋላ።»

በጣታቸው ሰዓቱን ቆጠሩ። «እኛ ዘንድ ሌሊት ነዋ» አሉ።

«አዎ እማዬ፣ ሌሊት ነው።»

«ተኝቼ ነበር» አሉ፤ የዚያን ጊዜ ነው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ የሳቡት። «ልጄ ሲጠራኝ እኔ ተኝቼ ነበር።»